የባትሪዋ ዋስ

መኪና ልገዛ ነው ባልኩ ጊዜ ደብረ ታቦር ውስጥ ያልመከረኝ ሰው ቢኖር ገና ያልተወለደ ነው። ጉድ እኮ ነው፣ መኪና የሌለው ሁሉ የመኪና ሊቅ! አንዱ «ናፍጣ ግዢ» ይላል፤ ናፍጣው ከየት እንደሚቀዳ ግን ትንፍሽ አይልም። ሌላው «በመብራት ብቻ የሚሄደውን ግዢ፣ ዘመኑ የእሱ ነው» ይለኛል፤ ይህን የሚለኝ መብራት ጠፍቶ ሁለታችንም በሻማ እየተፈላለግን ነው። እኔ ባጃጆች ማደያ በር ላይ ተሰልፈው ሲውሉ በየቀኑ ከቢሮዬ መስኮት እያየሁ መካከለኛዋን መረጥኩ። ግማሽ ቤንዚን ግማሽ ባትሪ፣ ሃይብሪድ የሚሏትን። አንድ ደላላ እንዳስረዳኝ ቤንዚን እንዳይበዛ ባትሪው ያግዛል፣ ባትሪው ሲደክም ሞተሩ ይሞላዋል። ሁለቱም እምቢ ያሉ ዕለት ምን እንደሚሆን አልጠየቅኩትም። ደስታዬን በገዛ እጄ የማበላሽ ሞኝ ነኝ እንዴ?

አባቴ ከጉና ሥር ገብስና ስንዴ የሚያርሱ ገበሬ ናቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ከተማ ይወርዳሉ። «ሁለት ጉልበት አላት፣ አንዱ ከቤንዚን፣ አንዱ ከባትሪ» ብዬ ሳስረዳቸው ጥቂት አሰቡና «በቅሎ ናታ!» አሉ። እሰይ፣ ተገላገልኩ አልኩ። እሳቸው ግን አልጨረሱም። «በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች። ይቺም ስለ አንደኛው ወገኗ የምትደብቀው ነገር አይጠፋም፤ ደህና አድርገሽ ጠይቂ።»

አባቴን በእርሻቸው ብቻ የሚያውቃቸው የለም። በቅዳሜው የከብት ገበያ በሬ ተሸጦ ነገር ከመጣ፣ ሲጠመድ ተኛ፣ ወይም ታሞ ኖሮ ሞተ ከተባለ፣ ሻጭና ገዢ ከወይራው ሥር ከአባቴ ፊት ይቀርባሉ። ሕጋቸው አጭር ነው። በሬ ያለ ዋስ አይሸጥም። ዋስ ማለት ቤቱ የሚታወቅ፣ ሲጠሩት «አቤት» ብሎ የሚወጣ ሰው ነው። በሬው ይዞት በመጣው ሕመም ከሞተ ዋሱ ይከፍላል። ገዢው በገዛ እጁ አበላሽቶት ከሆነ ግን ዋሱ ነጻ ነው፣ ገዢው አፉን ይዞ ይገባል። ደግሞም የሞተ በሬ ቆዳው ተዘርግቶ ሳይታይ አይፈረድም፤ ዱላውም፣ የቀንበሩ ቁስልም ቆዳው ላይ ይነበባልና። አባቴ በዚህ ሕግ የገዛ ወንድማቸውን አስከፍለዋል። የንስሐ አባታቸውንም አስከፍለዋል፤ በዚያ ዓመት ቀኖናው የከበደባቸው በዚህ የተነሣ ነው ብለው የሚያሙ አሉ።

ሻጩን ያገኙልን ሐጂ ናቸው። ሐጂ ገበያው ዳር ጨርቅ የሚሸጡ፣ የአባቴ የልጅነት ወዳጅ ናቸው። ለፋሲካ አባቴ ለሐጂ በግ በቁሙ ይልካሉ፣ ለዒድ ሐጂ ለአባቴ በግ በቁሙ ይልካሉ፤ አንዳንዴ ያው አንዱ በግ የሚመላለስ ይመስለኛል። ባሕር ዳር ስንሄድ አባቴ ዋጋ እንዲያወርዱልን ብለው ሐጂን ይዘው ሄዱ። «ዕድሜውን ሙሉ በክንድ ሲለካ የኖረ ሰው አይታለልም» አሉ።

ሻጩ ሽቶ የተቀባ፣ ምላሱ ቅቤ የሆነ ወጣት ነው። መኪናዋ ከባሕር ማዶ ያገለገለች ናት፤ ስንት ዘመን እንዳገለገለች የሚያውቅ የለም። አባቴ ኮፈኗን አስከፍተው ጎንበስ ብለው ሲያዩ ቆዩና «ጥርሷ የት ጋ ነው?» አሉ። ሻጩ ሳቀ። እኔም እንደ ተማረ ሰው አፈርኩ። እውነቱን ስናገር ግን ትክክለኛው ጥያቄ እሱ ነበር፤ የባትሪ ዕድሜ በምን እንደሚታወቅ ከመካከላችን የጠየቀ ሌላ ሰው የለም።

«አባባ፣ አይስጉ» አለ ሻጩ፤ «ይህ ባትሪ ከእርስዎ በላይ ይኖራል።»

«እኔን ምን አየህብኝ?» አሉ አባቴ።

ከዚያ የዋስትናው ወረቀት መጣ። ማኅተሙ የእንጀራ ያህል ነው። ሻጩ ቶሎ ቶሎ ማለፍ ፈልጎ ነበር፤ እኔ ቀምቼ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ። መኪናዋ በጠጠር መንገድ ከተነዳች ዋስትናው ይቀራል። ጠጠር የሌለውን መንገድ ከየት አባቴ ላምጣ? ከሚገባው በላይ ዳገት ከወጣች ይቀራል። ሌላ ባለሙያ ከነካት ይቀራል። ባትሪው ከሥራ ውጪ ከሆነ ደግሞ መኪናዋ «በራሷ ኃይል እየተነዳች» አዲስ አበባ ያለው ጋራዥ ድረስ ትቅረብ ይላል። እዚህ ላይ አባቴ እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ። የሞተው በሬ በእግሩ ሄዶ ሞቻለሁ ብሎ ይንገራችሁ ነው?»

«አሠራሩ ነው፣ አባባ።»

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አሉና አባቴ ወረቀቱን አጥፈው መለሱለት። «ይህን እንኳ ለልጆችህ አስቀምጥላቸው። ዋሱ ማነው?»

ሻጩ ግራ ገባው። ማኅተሙን አሳየ፣ ፊርማውን አሳየ፣ የኩባንያውን ስልክ አሳየ። አባቴ እንደ ግንብ ቆሙ። ሰው ነው የምፈልገው፣ ቤቱን የማውቀው ሰው፤ አለዚያ ልጄ ባጃጅ ትሳፈራለች አሉ። ደሞዜን ስቆጥብ፣ የዕቁብ ዕጣዬን ስጠብቅ የኖርኩባት መኪና ከፊቴ ቆማ፣ መስታወቷ ላይ የራሴን ፊት እያየሁ፣ ሊያለቅስ ሲል ደረስኩበት። ሐጂ አዩኝ። ወደ አባቴ ዘወር አሉና ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ።

«ሰውየውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ለባትሪው ዋስ ነኝ፤ ሁለት ክረምት እስኪያልፍ።»

አባቴ እጃቸውን መቱ፣ ነገሩ አለቀ። ሻጩ ሁለት ሽማግሌ ያበዱበት ይመስል ወረቀቱን በግድ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተልኝ።

የመጀመሪያው ክረምት በሰላም አለፈ። መኪናዋ ስትነሣ ድምፅ የላትም፤ ሰፈሩ መጀመሪያ ላይ «ይቺ መኪና በመንፈስ ነው የምትሄደው» ብሎ ሲፈራት ቆየና ኋላ ለመድ አለ፤ ሲለምድ ደግሞ ተሳፈረ። የታመመው፣ ለቅሶ የሚሄደው፣ ሙሽራ የሚያጅበው ሁሉ ኋላ ወንበር ላይ ነው። መቼም የኛን አገር ሰው ታውቁታላችሁ። ተኩስ አይፈራም፣ ጅብ አይፈራም፤ የመኪና መስኮት በጣት ስፋት የተከፈተ እንደሆነ ግን «ኧረ ነፋስ መታን! ኧረ ዝጊው!» ይላል። ውጭ ጠራራ ፀሐይ ይሁን፣ ውስጡ ሰው በሰው ላይ ይሁን፣ መስኮት ይዘጋል። እኔም ራሴ እዘጋለሁ፤ ምች የመታውን ሰው ስላየሁ አልስቅም።

አባቴ ጉልበታቸውን ያማቸው ነበርና በበጋው ወደ ወንዛዬ ፍል ውኃ አመላልሳቸው ጀመር። እዚህ ላይ አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ እኔ ያወቅኩት ኋላ ነው፣ እናንተን ግን ማንከራተት አልወድም። ከኋላ ወንበር ጎን፣ አባቴ ሁልጊዜ ከሚቀመጡበት በኩል፣ ወንፊት የመሰለች ቀዳዳ አለች። ባትሪው ያለው ከወንበሩ ሥር ነው፤ በዚያች ቀዳዳ አየር ወደ ውስጥ ይስብና ራሱን ያቀዘቅዛል። አባቴ ይህን ማን ነግሯቸው? ከፍል ውኃው ወጥተው፣ ላባቸው ሳይደርቅ፣ ጋቢ ተከናንበው ሲቀመጡ ወገባቸው ጋ የሆነ ነፋስ ሽው ሽው አለባቸው። ከፍል ውኃ ወጥቶ ነፋስ የመታው ሰው ምን እንደሚሆን ደግሞ አገር ያውቃል። ስለዚህ ከሐጂ የገዙትን፣ ጠርዙ ሰማያዊ መስመር ያለውን የራሳቸውን መጠምጠሚያ ከጫፉ ቀደድ አደረጉና ቀዳዳዋን ጥርቅም አድርገው ደፈኗት። ሌላ ቀን ደግሞ ጨርቁን በጣታቸው ወደ ውስጥ ገፋ አደረጉት። ለእኔም አልነገሩኝም፤ በር መዝጋት ይነገራል እንዴ?

ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ቤንዚን መጠጣት አበዛች። ከወንበሩ ሥር እንደ ወፍጮ ትጮህ ጀመር። እኔ ድምፅ ማውጣቷን እንደ መሻሻል ቆጠርኩት። አንድ ቀን ከወንዛዬ ስንመለስ፣ ወረታን አልፈን ዳገቱን እንደተያያዝን፣ ከፊቴ ቀይ ሦስት ማዕዘን ቦግ አለ፤ መኪናዋ አቃሰተችና ቆመች።

የቆመ መኪና ዘንድ ሰው ከመሬት ይፈልቃል። አንዱ ውኃ አፍሺባት አለ። አንዲት ሴትዮ «ዓይን ነው፤ እንዲህ ነጭ አድርገሽ አጥበሽ ስትነጅያት» አሉ። ሌላው ከወዴት እንደመጣን ሲሰማ «አባትሽን ነክረሽ እሷን ምነው ተውሻት? ወንዛዬ መልሰሽ ንከሪያት» ብሎ ሰውን ሁሉ አሳቀብኝ። ለመግዛት ሳስብ የመከሩኝ ሁሉ በየስልኩ ብቅ ብቅ አሉ፤ «እኔ ብዬሽ ነበር» የማይል የለም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! በጭነት መኪና ተጎትተን ደብረ ታቦር ገባን። አባቴ ከኋላ ተቀምጠው እስኪገቡ ድረስ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እኔ አለሁ፣ እሷ ሞተች።»

በማግሥቱ ወረቀቱ ላይ ያለውን ስልክ ደወልኩ። ሙዚቃ አሰሙኝ። ከሙዚቃው በኋላ አንዲት ለስላሳ ልጅ «መኪናዋን ይዘው ይቅረቡ» አለችኝ።

«አልሄድ አለች እኮ ነው የምልሽ፣ እህቴ።»

«ይገባኛል። በራሷ ኃይል ይዘዋት ይቅረቡ።»

«ኃይሏ እኮ ነው የሞተው!»

«እሱን እዚህ ሲደርሱ ያዩልዎታል።»

ጮኽኩባት፤ እሷ ግን እስከ መጨረሻው አመሰገነችኝ። ሻጩ ዘንድ ስደውል ደግሞ በየት መንገድ እንደነዳሁ ጠየቀኝና ደብረ ታቦር የሚባለው ቦታ ራሱ ዳገት ስለሆነ ዋስትናው ገና ቤቴ የገባሁ ዕለት መፍረሱን ነገረኝ። የአዲሱን ባትሪ ዋጋ ሲጠራልኝ ሁለተኛ መኪና ሊሸጥልኝ መስሎኝ ነበር። አባቴ ዋጋውን በበሬ መነዘሩት፤ ጥማድ በሬ፣ ከነተተኪው ወይፈን። ከዚያ ዱላቸውን ይዘው ተነሡ።

«ዋሱ ይጠራ።»

ያን ቀን ከአባቴ ጋር ተጣላሁ። አንቱ እያልኩ፣ ግን ተጣላሁ። ሐጂ እንደ ድሮው አይደሉም። ሰው ሁሉ የተሰፋ ልብስ ገዝቶ መልበስ ከጀመረ ወዲህ በክንድ የሚለካ ጨርቅ የሚፈልግ ጠፍቷል፤ የቀራቸው ያች ገበያው ዳር ያለች መደብራቸው ናት። ይህን ይክፈሉ ማለት መደብርዎን ይሽጡ ማለት ነው። «ወዳጅዎ አይደሉም ወይ? የሚያሳዝኑ ሽማግሌ አይደሉም ወይ? መኪናዋ የኔ፣ ኪሳራውም የኔ ይሁን!» አልኩ።

«ወንድሜን አስከፍያለሁ» አሉ አባቴ። ድምፃቸው ግን እንደ ወትሮው አልነበረም። «የንስሐ አባቴን አስከፍያለሁ። አሁን ለሐጂ ስል ባጥፈው ያ ሕግ አልነበረም፣ ጋቢ ነበር ማለት ነው። ሐጂ ራሱ ይንቀኛል።»

ሐጂ ተጠርተው መጡ። ከበሩ ላይ «አቤት» አሉ፤ እንደ ዋስ ደንብ። አባቴ አረጋዊ ወዳጃቸውን ቀና ብለው ማየት አቅቷቸው ግቢው ውስጥ ያለውን ሽንኩርት ይመለከታሉ። «እስቲ በዓይኔ ልያት» አሉ ሐጂ። እኔ በሩን ከፈትኩላቸው፤ ገብተው ከኋላ፣ አባቴ ከሚቀመጡበት ቦታ፣ አረፍ አሉ። ወንበሩን ዳበስ ዳበስ ሲያደርጉ እጃቸው ቀዳዳዋ ላይ ቆመ። በሁለት ጣታቸው ጎተት ሲያደርጉት ረጅም ጨርቅ ተከትሏቸው ወጣ። የጠቆረ፣ አቧራ የጠጣ፣ ጠርዙ ላይ ሰማያዊ መስመር ያለው ጨርቅ።

ጨርቁን የሸጡት እሳቸው ናቸው። አንዴ ነው ያዩት። ቀና ብለው እኔን አዩኝ፤ እኔ በሩን እንደያዝኩ ደርቄያለሁ።

«ልጄ፣ ያየሽው ነገር የለም» አሉ በሹክሹክታ።

«ሐጂ! ይህ እኮ...»

«የለም አልኩሽ። አባትሽ ያስከፈሏቸው ሰዎች ስንት ዓመት ሙሉ ይህን ቀን ሲጠብቁ ነው የኖሩት። እኔ መደብር ባጣ ጨርቅ አጣሁ ነው። እሳቸው ግን ስማቸውን ካጡ ቅዳሜ የት ይሄዳሉ?» ጨርቁን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ወጡ። «እውነት ነው፣ ሞታለች» አሉ ለአባቴ። «ዋስ ነኝ፤ እከፍላለሁ።»

አቤት ያን ሰሞን የበላኝ እልህ! አንዱ ሕጉን ብሎ ወዳጁን ሊያደኸይ ነው፤ አንዱ ወዳጁን ብሎ በውሸት ሊደኸይ ነው። እኔ ማን ነኝ? የመኪናዋ ባለቤት ብቻ! ብናገር የሐጂን ውለታ አፈርስና አባቴን በገበያ መሳቂያ አደርጋቸዋለሁ። ዝም ብል ሐጂ በእርጅናቸው ያለ መደብር ይቀራሉ፤ ደላላ መጥቶ መደብሯን ሲለካ በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ «አባቴ፣ ምናልባት እኛው ያጠፋነው ነገር ቢኖርስ?» አልኳቸው።

«ቆዳው ይታያላ» አሉ። «ቆዳ ሳይታይ መቼ ፈርጄ አውቃለሁ?»

ቅዳሜ ግቢዬ በሰው ተሞላ። የመኪና ቆዳ ሲገፈፍ አይቶ የሚያውቅ የለምና ገበያው ግማሹ ወደኔ ቤት ተገለበጠ። አባቴ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፣ ሁለት ሽማግሌዎች ከጎናቸው። ሐጂ ብሩን በጨርቅ ቋጥረው ይዘዋል፤ የመደብሯን ሽያጭ ቀብድ ተቀብለዋል ማለት ነው። ገና ያስጠራነው መካኒክ መፍቻውን ሲያነሣ ሐጂ ብድግ አሉ።

«ቆዳው ይቅር። እኔ አምኛለሁ፣ ምን ያስፈልጋል?»

አባቴ ዘወር አሉ። ሻጭ ቆዳ ሲደብቅ አይተዋል፣ ገዢ ሲደብቅ አይተዋል። የሚከፍለው ዋስ ራሱ ቆዳ አይታይ ሲል ግን በዕድሜያቸው አላዩም። «ይገፈፍ» አሉ።

ወንበሩ ተነሣ፣ ክዳኑ ተፈታ። መካኒኩ አየር የምትስበውን ማራገቢያ ሲያወጣ ዙሪያዋን ክር ተጠምጥሞባት፣ ክሩ ከሙቀት ብዛት አሮ ተጣብቋል። «ታፍና ነው የሞተችው» አለ። «መተንፈሻዋ ላይ የሆነ ጨርቅ ኖሮ ነው፤ አሁን የለም እንጂ።»

«መተንፈሻዋ የቱ ነው?» አሉ አባቴ።

አሳያቸው። አባቴ ቀዳዳዋን አዩ። ከዚያ ክሩን አዩ፤ ካረረው መካከል አንድ ሰማያዊ ክር።

«አይጥ ናት!» አሉ ሐጂ። እንዲህ ሲጮኹ ሰምቻቸው አላውቅም። «አይጥ ጨርቅ ትጎትታለች፣ የኔን ሱቅ ስንቴ ፈጅታዋለች! አይጥ ናት፣ አለቀ!»

ሽማግሌዎቹ «ይሆናል፣ አይጥ መቼም» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ነቀነቅኩ። አባቴ ግን ቀስ ብለው መጠምጠሚያቸውን ከራሳቸው ፈቱ። ዘረጉትና የተቀደደውን ጫፍ ለሰው ሁሉ ከፍ አድርገው አሳዩ።

«አይጧ ከራሴ ላይ ነው የቀደደችው?»

አንድ ሰው ሳቀ። በበሬ ነገር አባቴ ያስከፈሉት ሰውዬ ነው። ሌላው ተከተለ፣ ከዚያ ግቢው በሳቅ ሞላ። እኔ ድንጋይ ላነሣ ነበር። አባቴ እጃቸውን ዘርግተው «ተይ፣ ይሳቁ፤ ይገባቸዋል» አሉ። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁ። ባዶ ራሳቸውን ፀሐይ ላይ አይቼው አላውቅም ነበር፤ ሸብቶ አልቆ፣ ትንሽ ሆኖ። ከዚያ እንደ ማንኛውም ቅዳሜ ፈረዱ።

«በሬው የሞተው ገዢው ቤት ገብቶ ነው። ያነቀው እኔ ነኝ። ዋሱ ነጻ ነው። ያነቀው ይክፈል።»

ሐጂ ኪሳቸው ገብተው ያን የጠቆረ ጨርቅ አወጡና መሬት ላይ ወረወሩት። እንባቸው ወርዷል፤ ከንዴት ይሁን ከሌላ እንጃ።

«ዕድሜህን ሙሉ ፈረድክ!» አሉ። «አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን እንኳ ወዳጄ ይሸከምልኝ ብትል ምን ነበረበት?»

አባቴ ጎንበስ ብለው ጨርቁን አነሡ። «ተሸክመህልኝማ ነበር» አሉ። «እኔ ነኝ ያልሰማሁህ።» ሁለቱም ቆመው አለቀሱ፤ ገበያው ሁሉ እያየ። የሳቀው ሰውዬ የት እንደገባ አላየሁትም።

አባቴ ቤታቸው ጀርባ ያለውን ባሕር ዛፍ ሸጡ። ኧረ በሕግ አምላክ፣ እኔው እከፍላለሁ ብዬ ብለምን «ፍርድ ነው» ብለው ዘጉኝ። ሐጂ ቀብዱን መለሱ፤ መደብራቸው ያው እዚያው አለች። ባትሪውን ከሌላ መኪና የወጣ፣ ደህና ያለ አገኘንና መካኒኩ ገጠመው። በዚያው ሳምንት ከኩባንያው የስልክ መልእክት መጣልኝ፤ ከእኛ ጋር ስለቆዩ እናመሰግናለን፣ የባትሪዎ ዋስትና ጊዜ ማብቃቱን በደስታ እንገልጻለን ይላል። በደስታ! ለአባቴ ሳነብላቸው «ያኔም አልጀመረ» አሉ። ባትሪውን የሸጠልን ሰውም ወረቀት ሊጽፍ ነበር። አባቴ «ተወው፣ ለዚችስ ዋሷ እኔ ነኝ» አሉት።

ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ወደ ጉና ሥር ስመልሳቸው ሐጂም አብረው መጡ፤ የዒዱ በግ ሊመረጥ ነው። ብርዱ አጥንት ይገባል። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ አባቴ መስኮቶቹን ሁሉ አስከፍተዋል። ከጎናቸው ሐጂ ጥርሳቸው ይንቀጫቀጫል፤ ዕድሜ ልካቸውን ነፋስ ሲሸሹ የኖሩ ሰው ዛሬ «ዝጊው» አይሉም። ጋቢያቸውን ግን ወደ ቀዳዳዋ እንዳይጠጋ ጭናቸው ሥር ወሽቀውታል።

በመስታወት አየኋቸው። አባቴ የታመመ በሬ አፍንጫ ላይ እንደሚያደርጉት መዳፋቸውን ቀዳዳዋ ላይ ጠጋ አድርገዋል። እኔ ዳገቱ ላይ ዝግ ስል እሳቸው ትንፋሿን ያዳምጣሉ።

«ትተነፍሳለች?» አሉ ሐጂ።

«ትተነፍሳለች» አሉ አባቴ። «ንጂ፣ ልጄ።»